የግድቡ ከፍታና የዕለቱ ፍሰት
የአመጋገብ ቀውስ ከሆርሞኖችና ከተዋልዶ ጤና ጋር ስላለው ግንኙነት በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




በመሐንዲሶች መድረክ ላይ ስለ ምግብ፣ ስለ ዕጢዎችና ስለ ግብረ ሥጋ ጤና ንግግር መደረጉ ለአንዳንዱ አድማጭ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ መሐንዲስ ምን አገባው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ነገሩ ጠጋ ተብሎ ሲመረመር የኃይል አቅርቦት፣ የምልክት ማስተላለፊያና የቁጥጥር ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ይህ ደግሞ በዚህ አዳራሽ የተቀመጠው ሁሉ የዕለት እንጀራው ነው። በተጨማሪም አባላቱ ከሙያቸው ውጭ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው፤ ችግሩ የሚመጣውም ወደ ቤት እንጂ ወደ ቢሮ አይደለም። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጭ ልብ ይበል።

ዝናብ አንሶ ግድቡ ሲጎድል የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ማዕከል ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የለም። ፈረቃ ይወጣል። ሆስፒታሉና የውኃ መግፊያው ጣቢያ እንዲቆዩ ይደረጋል፤ ለጊዜው ቢቋረጥ ሰው የማይሞትበት መሥመር በየተራ ይዘጋል። መሥመሩ የተዘጋበት ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሠራተኛ መኪናው ተበላሸ ብሎ ቢፈታታው ድካሙ ከንቱ ነው፤ መኪናው ደኅና ነው፣ የጎደለው ኃይሉ ነው። የሰው አካልም የሚበላው ከሚያወጣው ሲያንስ ፈረቃ ያወጣል። ልብ፣ አንጎልና ሳንባ ይቀጥላሉ። ሙቀት ይቀንሳል፣ የአጥንት ግንባታ ይቆማል፣ ከሁሉ ቀድመው ከሚዘጉት መሥመሮች አንዱም ዘር የመተካት ሥራ ነው። እርግዝናና ማጥባት ብዙ ወራት የሚፈጅ ታላቅ የኃይል ወጪ ስለሆነ፣ በችግር ቀን የማይጀመር ግንባታ መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህን በግልጽ ያሳየው ሙከራ የተደረገው በሴቶች ላይ ሳይሆን በወንዶች ላይ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ፣ ነጻ የሚወጣው የአውሮፓ ሕዝብ በረሀብ ተጎድቶ እንደሚገኝ ታወቀ፤ የተራበን ሰው እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚገባ ግን በሚገባ የተጠና ነገር አልነበረም። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዶክተር አንሴል ኪይስ በኅዳር 1944 በዩኒቨርሲቲው የስፖርት ስታዲየም መቀመጫዎች ሥር በነበረው ቤተ ሙከራቸው 36 ጤነኛ ወጣቶችን ሰበሰቡ። ሰዎቹ ሕሊናችን አይፈቅድም ብለው መሣሪያ ከማንሳት የታቀቡና በፈቃዳቸው ለሙከራ የቀረቡ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት በቂ ምግብ እየበሉ ተለኩ። ከየካቲት 1945 ጀምሮ ለ24 ሳምንታት በቀን በአማካይ 1,570 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ተሰጣቸው፤ ይኸውም ድንች፣ ቀይ ሥርን የመሰሉ ሥራ ሥሮች፣ ጥቁር ዳቦና መኮሮኒ የበዛበት፣ የአውሮፓን የረሀብ ማዕድ የመሰለ ምግብ ነበር። በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር እንዲሄዱም ይጠበቅባቸው ነበር። የታሰበው ከክብደታቸው ሩቡን ያህል እንዲቀንሱ ነው፤ ቀነሱም።

የተመዘገበው ውጤት በ1950 በሁለት ታላላቅ ጥራዞች ታተመ። የልብ ምታቸው በደቂቃ ከ55 ወደ 35 ገደማ ወረደ። አካላቸው በዕረፍት ጊዜ የሚፈጀው ኃይል በ40 ከመቶ ያህል ቀነሰ። በበጋ ሙቀት ብርድ ብርድ ይላቸው ጀመር፤ እግራቸው አበጠ፣ ጠጉራቸው ረገፈ። የግብረ ሥጋ ፍላጎታቸው ጠፋ፤ ከፍቅረኞቻቸው ጋር የነበራቸው ግንኙነትም ቀዘቀዘ። የዘራቸው እንቅስቃሴና ከሰውነት ውጭ የሚቆይበት ጊዜ አነሰ። በሌላ በኩል ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ቀድሞ ወጥ ቤት ረግጠው የማያውቁ ጎልማሶች የምግብ አሠራር መጻሕፍት ያነቡ ጀመር፤ አንዱን ቁራሽ ለረጅም ጊዜ እያገላበጡ፣ ውኃ እየጨመሩ፣ እየቆራረጡ ይበሉ ነበር፤ አንዳንዶቹ ተደብቀው በልተው በጸጸት ተቃጠሉ። ይህን መግለጫ ስሙን ሸፍኖ ለአንድ የአእምሮ ሐኪም ቢሰጡት፣ የአመጋገብ ቀውስ ያለባት የአንዲት ወጣት ታሪክ ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል። እነዚህ ሰዎች ግን ስለ መወፈር የሚጨነቁ አልነበሩም። ስለዚህ በበሽታው ከሚታዩት ምልክቶች ብዙዎቹ የረሀቡ ልጆች እንጂ የጠባይ ጉድለት አለመሆናቸውን የሚኒሶታ መዝገብ ያስረዳል። ለዚህ አንድ ነጥብ ብቻ እንኳ ሙከራው ሊጠና በተገባው ነበር።

የሚኒሶታው ሥራ በታቀደበት ወራት ተመሳሳይ ነገር በሕዝብ ላይ ደረሰ። ከ1944 እስከ 1945 ባለው ክረምት የጀርመን ጦር የምዕራብ ሆላንድን የምግብ ማጓጓዣ ዘጋ፤ በከተሞቹ ለአንድ ሰው የሚታደለው ምግብ በቀን ከ1,000 ኪሎ ካሎሪ በታች ወረደ። ከዘጠኝ ወራት በኋላ የልደት ቁጥሩ ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ አለ። በ1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የደረሰው ረሀብም በልደት ላይ የራሱን ጠባሳ መተዉን የሥነ ሕዝብ ጥናቶች አሳይተዋል፤ እርግጥ ነው፣ በእንዲህ ያለ ዘመን የባልና ሚስት መለያየት፣ ስደትና ሐዘንም ስላሉ ሁሉን በሆርሞን ማስረዳት አይገባም።

አሁን ወደ ምልክት ማስተላለፊያው እንምጣ። ከአንጎል በታችኛው ክፍል ሂፖታላመስ የሚባል ትንሽ ሥፍራ አለ። ከዚህ ሥፍራ ጂኤንአርኤች የተባለ ሆርሞን ይወጣና ከሥሩ ወደሚገኘው ፒቱታሪ ዕጢ ይደርሳል፤ ፒቱታሪ በበኩሉ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የተባሉትን ሁለት ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቃል፤ እነዚህም በሴት የእንቁላል ማፍሪያውን፣ በወንድ የዘር ፍሬውን ያዝዛሉ። ኤስትሮጅንና ቴስቶስቴሮን የሚመረቱት በዚህ ትእዛዝ ነው። የጂኤንአርኤችን ቅንብር ለይተው ያወቁት ሮዤ ጊልሚንና አንድሩ ሻሊ በ1977 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚጥመው ግን የኧርነስት ክኖቢል ሥራ ነው። ክኖቢልና የሥራ ጓዶቻቸው በፒትስበርግ፣ የራሳቸው የጂኤንአርኤች ምንጭ በተቋረጠባቸው ጦጣዎች ላይ ሆርሞኑን ከውጭ መስጠት ጀመሩ። ሳያቋርጡ ሲሰጡት ፒቱታሪው ዝም አለ። ያንኑ ሆርሞን በየሰዓቱ ለስድስት ደቂቃ ብቻ ሲሰጡት ግን ኤልኤችና ኤፍኤስኤች ተመለሱ። ምልክቱ ያለው በመጠኑ ላይ ሳይሆን በምቱ ላይ ነው ማለት ነው። ምቱ ሲዘገይ ወይም ሲጠፋ የታችኞቹ ዕጢዎች ምንም ጉድለት ሳይኖርባቸው ሥራ ይፈታሉ። ይህ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከታወቀ በኋላ፣ ቀደም ሲል በ1974 በኒው ዮርክ የተደረገ አንድ ምርመራ ትርጉሙ ጎልቶ ታየ። በዚያ ምርመራ አኖሬክሲያ ነርቮዛ ከያዛቸው ሴቶች በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ደም በየጊዜው ተቀድቶ ኤልኤች ሲለካ፣ የምቱ አካሄድ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ሆኖ ተገኘ። አካሉ የጉልምስናን በር ከፍቶ ከገባ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ በሩን ዘግቶታል።

ታዲያ ሂፖታላመስ ኃይል መጉደሉን በምን ያውቃል? በዚህ ላይ የነበረው ክርክር ለውኃ ኃይል መሐንዲሶች የተጻፈ ይመስላል። የሃርቫርድዋ ሮዝ ፍሪሽ በ1974 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ወር አበባ ለመጀመር ከሰውነት ክብደት 17 ከመቶ፣ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ደግሞ 22 ከመቶ ያህል ስብ ያስፈልጋል አሉ። ይህ የግድቡን ከፍታ የማየት አስተሳሰብ ነው፤ የተጠራቀመው ውኃ ከተወሰነ ምልክት በታች ከወረደ ማመንጫው ይቆማል። ሆኖም ስብ ሳይጎድላቸው ወር አበባቸው የቀረ፣ እጅግ ቀጭን ሆነው ያልቀረባቸውም ሴቶች ስለተገኙ ሐሳቡ ብዙ ተቃውሞ ገጠመው። በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አን ላውክስ በሌላ ወገን የዕለቱን ፍሰት መለካት መረጡ። አንድ ሰው ከበላው ምግብ ላይ በአካል እንቅስቃሴ ያወጣው ኃይል ሲቀነስ፣ ለቀሪው የሰውነት ሥራ የሚተርፈው ስንት ነው ብለው ጠየቁ። በ2003 በታተመው ጥናታቸው፣ ወር አበባቸው ሳይዛነፍ የሚመጣ ወጣት ሴቶች ለአምስት ቀን ብቻ የምግባቸው ልክ ተቀነሰ። ይህ ትርፍ ኃይል ከስብ ውጭ ባለው የሰውነት ክብደት ለአንድ ኪሎ ግራም ከ30 ኪሎ ካሎሪ በታች ሲወርድ የኤልኤች ምት ተዛነፈ። በአምስት ቀን ውስጥ ግድቡ አልጎደለም፤ የጎደለው ፍሰቱ ነው። በኋላ የተሠሩ ሥራዎች 30 የሚለው ቁጥር ለሁሉ ሰው እንደ ቢላ ስለት የሚቆርጥ ወሰን አለመሆኑን አሳይተዋል፤ ሰው ከሰው ይለያል። መሠረተ ሐሳቡ ግን ጸንቷል።

ሁለቱን ወገኖች ያስታረቀው በ1994 የተገኘው ሆርሞን ነው። በኒው ዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቻቸው፣ ከመጠን በላይ የሚወፍሩ አይጦች የሚጎድላቸውን ነገር አገኙና ሌፕቲን አሉት፤ ስሙ ቀጭን ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ሌፕቲን ከስብ ይመነጫል፤ ስለዚህ የግድቡን ከፍታ ይናገራል። ነገር ግን ምግብ በቀነሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ስቡ ገና ሳይቀንስ፣ መጠኑ በብዙ ይወርዳል፤ ስለዚህ የፍሰቱንም ወሬ ያደርሳል። እነዚያ ወፍራም አይጦች መካን መሆናቸው ቀድሞ ይታወቅ ነበር። በ1996 ሌፕቲን ሲሰጣቸው እንስቶቹ መውለድ ቻሉ። በቦስተን በ2003 የታተመ ሙከራ ደግሞ ጤነኛ ወንዶች ለሦስት ቀን ሲጾሙ ኤልኤችና ቴስቶስቴሮናቸው እንደሚወርድ፣ በጾሙ ጊዜ ሌፕቲን ከተሰጣቸው ግን እንደማይወርድ አሳየ። በዚያው ከተማ በ2004 ወር አበባቸው በኃይል ጉድለት የቀረባቸው ስምንት ሴቶች ሌፕቲን ሲሰጣቸው የኤልኤች ምታቸው ተነሣ፤ ሦስቱ እንቁላል ጣሉ። ይህ መድኃኒት ተገኘ ተብሎ እልል የሚባልበት አይደለም። ሌፕቲን የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳልና፣ ለከሳ ሰው እርሱን መስጠት ግድቡ ባዶ ሆኖ ሳለ የከፍታ መለኪያውን መርፌ በእጅ ከፍ እንደ ማድረግ ነው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ረሀብ ነው። አኖሬክሲያ ነርቮዛ ግን ረሀብ ብቻ አይደለም፤ ምግብ በሞላበት ቤት ሰው ራሱን የሚያስርብበት ጽኑ ሕመም ነው። በለንደን ሰር ዊልያም ገል፣ በፓሪስ ሻርል ላሴግ በ1873 ስለዚህ ሕመም ሲጽፉ የወር አበባ መቅረት ከምልክቶቹ አንዱ መሆኑ ተስተውሎ ነበር። ለብዙ ዘመን የወር አበባ መቅረት በሴት ላይ ሕመሙን ለመወሰን ግዴታ ሆኖ ቆየ። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ይህን ግዴታ ሰርዞታል፤ ሕመሙ ወንዶችን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን፣ ያረጡ ሴቶችንና የእርግዝና መከላከያ የሚወስዱትን ሁሉ ስለሚይዝ ነው። ለውጡ ተገቢ ነበር። ወር አበባዋ ስላልቀረ ብቻ በሽተኛ አይደለሽም ተብላ የተመለሰች ልጅ አልነበረችም ማለት አይቻልም፤ ወንዱማ ጭራሽ የሚጠይቀው አልነበረም።

ሕመሙ ሲበረታ ሌሎቹም መሥመሮች ይዘጋሉ። ንቁ የሆነው የታይሮይድ ሆርሞን ይቀንሳል፤ ኮርቲሶል ይጨምራል፤ የዕድገት ሆርሞን በደም ውስጥ ቢበዛም ጉበት ስለማይታዘዘው አጥንትን የሚገነባው ተከታዩ ሆርሞን ያንሳል። ከነዚህ ላይ የኤስትሮጅን ወይም የቴስቶስቴሮን ጉድለት ሲጨመር አጥንት ይሳሳል። ይህ በሃምሳና በስድሳ ዓመት የሚጠበቅ ጉዳት በአሥራ ሰባት ዓመት ይደርሳል፤ የአጥንት ክምችት የሚሞላው ደግሞ በዚሁ ዕድሜ ነው። ያመለጠው የግንባታ ወቅት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

በዚህ ቦታ ከሁሉ የሚያሳስበው አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ወር አበባዋ የቀረባት ወጣት ወደ ሕክምና ስትሄድ፣ የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ይታዘዝላትና በየወሩ ደም ይታያል። እናት ትደሰታለች፣ ልጅቱም ደኅና ነኝ ትላለች። የታየው ደም ግን የክኒኑ ሥራ እንጂ የአንጎሉ ምት መመለስ አይደለም። በተደጋጋሚ የተደረጉ ሙከራዎች የሚዋጠው ክኒን በአኖሬክሲያ የተጎዳውን አጥንት እንደማያድን አሳይተዋል፤ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ፣ መጠኑ ከተፈጥሮው ጋር የተቀራረበ ኤስትሮጅን ግን በ2011 በታተመ ጥናት በልጃገረዶች ላይ ጥቂት እርዳታ ሰጥቷል። ክኒኑ በራሱ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ እርግዝናን ለመከላከል የሚፈለግበት ጊዜ አለ፤ ወደፊትም ይህ ይነሣል። ስሕተቱ የማስጠንቀቂያ ደወሉን ዘግቶ ማመንጫው ተጠገነ ማለቱ ላይ ነው። በፋብሪካ እንዲህ ያደረገ ተረኛ ምን እንደሚባል ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም።

ግንኙነቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድም አይደለም። ሕመሙ በብዛት የሚጀምረው ሆርሞኖች በሚነቁበት በጉርምስና ዕድሜ ነው። በአሜሪካ በሚቺጋን በመንትዮችና በሌሎች ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ያለ ልክ የመብላት ግፊት በወር ዑደት ውስጥ ከኤስትሮጅንና ከፕሮጀስትሮን መለዋወጥ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል። ቡሊሚያ ነርቮዛ ባለባቸው ሴቶች፣ ማለትም ያለ ልክ በልተው በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ በሚያወጡት ዘንድ፣ ክብደታቸው ለዓይን ደኅና ሆኖ ሳለ ወር አበባቸው የሚዛነፍ ብዙ ናቸው። ግድቡ ሙሉ ይመስላል፤ ፍሰቱ ግን ዛሬ ጎርፍ ነገ ድርቅ ነው።

የግብረ ሥጋ ጤናን በሚመለከት ከሁሉ የሚያስጠነቅቀው ነገር፣ ወር አበባ ከሌለ እርግዝና የለም የሚለው እምነት ነው። እንቁላል የሚወጣው ደም ከመታየቱ በፊት በመሆኑ፣ ምቱ በድንገት የተመለሰላት ሴት አንድም ቀን ደም ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። በምታስመልሰው ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ክኒኑን በዋጠች በሦስት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰች መድኃኒቱ ወደ ደሟ ላይገባ ይችላል። በ2010 በኖርዌይ ከ60,000 በላይ እናቶችን ይዞ በታተመው ጥናት፣ አኖሬክሲያ ከነበረባቸው እናቶች እርግዝናው ያልታቀደ ነበር ያሉት ግማሾቹ ሲሆኑ፣ ሕመሙ ከሌለባቸው ግን 19 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። አኖሬክሲያ የነበረባቸው ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ ግማሽ የሚለውን እንደ ጽኑ መጠን መያዝ አይገባም፤ ልዩነቱ ግን በአጋጣሚ ሊባል የሚችል አይደለም።

መውለድ ተስኗቸው ወደ ሐኪም የሚሄዱትን በሚመለከት በ1990 ከካናዳ የወጣው ጥናት ሊነበብ ይገባዋል። በአንድ የመካንነት ክሊኒክ 66 ሴቶች ሲጠየቁ 11ዱ የአመጋገብ ቀውስ ያለባቸው ሆነው ተገኙ፤ ወር አበባቸው ከቀረ ወይም ከተራራቀ ሴቶች መካከል ደግሞ 58 ከመቶው። ከእነርሱ አንዲቱም እንኳ ይህን ለማኅፀን ሐኪሟ አልነገረችም ነበር። ሐኪሙ የእንቁላል ማፍሪያውን ሲመረምር፣ የተቋረጠው መሥመር ሌላ ቦታ ነበር። እንቁላል በመድኃኒት እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ሆኖም በ1988 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በከሱ ሴቶች ላይ ይህ ሲደረግ ከሚወለዱት ልጆች ብዙዎቹ ዕድገታቸው ያነሰ እንደሚሆን አሳይቷል። ማመንጫው ሳይሞላ ፋብሪካውን ማስነሣት የሚከፈልበት ዋጋ እንዳለው ልጁ ይመሰክራል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። በ2004 ከሰሜን ምሥራቅ ጋና የታተመ ጥናት ይህን አስተሳሰብ ያናውጣል። 668 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች ከተመረመሩ በኋላ፣ እጅግ ከሱ ከተባሉት መካከል አሥሩ በሌላ ሕመም ወይም በድህነት ሳይሆን በገዛ ራሳቸው ምግብ በመከልከል የከሱ ሆነው ተገኙ። መወፈርን እንፈራለን ያለች ግን አልነበረችም፤ ምክንያታቸው ጾምና ራስን መግዛት ነበር። ጾም በሚከበርበት በኢትዮጵያ ይህ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ጾም ሕመም አይደለም፤ ጿሚው ፋሲካ ሲደርስ ይፈስካል፣ ከቤተሰቡ ጋር ማዕድ ቀርቦ በደስታ ይበላል። ጾሙ ሲፈታ ያልፈታ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ከማዕድ የሚሸሽ፣ በየሳምንቱ አዲስ ምክንያት የሚያገኝ ልጅ ሲኖር ግን ነገሩ ከሃይማኖት ወጥቶ ወደ ሐኪም የሚደርስ ነው፤ ይህን ለመለየት ደግሞ ከሐኪሙ ይልቅ እናትና የነፍስ አባት ይቀርባሉ።

የረጅም ርቀት ሯጮች አገር መሆኗም ኢትዮጵያን በቀጥታ ይመለከታታል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች በ2014 ባወጡትና በ2023 ባሻሻሉት መግለጫ፣ ከሚያወጡት ኃይል ጋር የሚመጣጠን ምግብ የማይበሉ ስፖርተኞች፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ በሆርሞን፣ በአጥንትና በልብ ላይ ጉዳት እንደሚያገኛቸው አስጠንቅቀዋል። ጥፋተኛው ሩጫው እንዳልሆነ ላውክስ ቀድመው አሳይተዋል፤ ለሩጫው የሚወጣው ኃይል በምግብ ሲተካ የኤልኤች ምት አልተዛነፈም። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና፣ ከዚያም ልጅ ወልዳ በ2000 በሲድኒ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ማግኘቷ፣ ሩጫና እናትነት በአንድ አካል ተስማምተው ሊኖሩ እንደሚችሉ የማያከራክር ማስረጃ ነው። የወር አበባ መቅረትን የጥሩ ልምምድ ምልክት አድርጎ የሚቆጥር አሠልጣኝ ካለ ግን፣ የሚኮራበት ነገር የአጥንት መሰበር ቀጠሮ ነው። ወንዱ ሯጭ ደወል ስለሌለው ይበልጥ ሊታሰብለት ይገባል፤ ፍላጎቱ መቀዝቀዙን ወይም የጠዋቱ የአካል ንቃት መጥፋቱን ለማን ይናገራል?

በመጨረሻ የሚነሣው ጥያቄ መሥመሩ የሚከፈተው መቼ ነው የሚለው ነው። የኤሌክትሪክ ተረኛ ኃይል ሲመለስ ማብሪያውን መልሶ ይጫናል፤ በዚህ ረገድ ምሳሌው ይሰበራል። አካል የዘጋውን በር በዘጋበት ልክ አይከፍትም። ከመዝጊያው ከፍ ያለ መክፈቻ አለው፤ ሙላቱም ለጥቂት ጊዜ ጸንቶ መቆየቱን ይጠብቃል። በ1997 የታተመ አንድ ክትትል እንዳሳየው፣ አኖሬክሲያ የያዛቸው ልጃገረዶች ወር አበባቸው የተመለሰው ለዕድሜያቸውና ለቁመታቸው ከሚገባው ክብደት በአማካይ 90 ከመቶ ሲደርሱ ነበር፤ እዚህ ከደረሱትም 86 ከመቶው ወር አበባቸውን ያገኙት በስድስት ወር ውስጥ ነው። ስድስት ወር ለወላጅ ረጅም ጊዜ ነው። ክብደቱ ተመልሶ ምንም ምልክት በማይታይባቸው በእነዚያ ወራት ሕክምናውን ሰልችቶ የሚያቋርጥ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም፤ አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

የሚኒሶታ ሰዎችም ይህንኑ አሳይተው ነበር። ከረሀቡ በኋላ ለ12 ሳምንታት በአራት ቡድን ተከፍለው የተለያየ የምግብ መጠን ተሰጣቸው፤ ለአንዳንዶቹ ቪታሚን፣ ለአንዳንዶቹ ተጨማሪ ፕሮቲን ታከለላቸው። የምግቡ መጠን ዝቅተኛ የነበረላቸው በሳምንታት ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ሙከራው አብቅቶ እንደ ልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸውም ብዙዎቹ እስኪያማቸው ድረስ በልተው ረሀቡ አልለቀቃቸውም፤ ስቡ ቀድሞ ከነበረው በላይ ሲመለስ ጡንቻው ገና አልተመለሰም ነበር፤ የግብረ ሥጋ ፍላጎታቸውም ከዘገዩት መካከል ነበር። ቪታሚኑና ተጨማሪው ፕሮቲን ለማገገማቸው ያመጣው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። ልዩነት ያመጣው የኪሎ ካሎሪው ብዛት ነበር፤ ኪይስም የተራበ ሰው እንዲያገግም በቀን 4,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ለብዙ ወራት እንዲያገኝ ያስፈልጋል ብለው ጻፉ።